የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ

ጋሽ አሻግሬ በእድሩ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰው ይሰማል። ሌላው ተነስቶ "እኔ የምለው" ካለ በኋላ የሚለው ይጠፋበትና ይቀመጣል። እሳቸው ግን መጀመሪያ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ "ክቡራን የእድራችን አባላት" ይላሉ። ከዚያ በኋላ በር ላይ ወሬ የያዘው እንኳ አንገቱን ወደ ውስጥ ያስገባል። አርባ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት ሲበይዱ የኖሩ ሰው ይህን አንደበት ከየት እንዳመጡት የአቃቂ በሰቃ ሰው ሲገረም ኖሯል። ያ ሁሉ ብረት አፉን ዘግቶ ስለሰማቸው ነው የሚሉም አሉ።

ያን እሑድ የተነሳው ጉዳይ የጤና መድን ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፌኔት ደብተሯን ታቅፋ መጣችና፣ በድስትና በድንኳን ብረት በተጨናነቀው የእድሩ አዳራሽ ቆማ አስረዳች። የሚችል ቤተሰብ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ካርድ ይወስዳል፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ከባሰም ሆስፒታል ተልኮ፣ ኪሱን ሳይዳስስ ይታከማል። ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል። ማን እንደማይችል ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ የሚያውቅ የለምና ኮሚቴ ቤት ለቤት ዞሮ ያያል። ከዚያ ዝርዝሩ እዚሁ እድሩ ፊት ይነበባል፤ በየስሙም "የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ" ይባላል። ጎረቤት የማያውቀው ጓዳ የለም ብላ ጨረሰች።

መጀመሪያ የተነሳው ባጃጅ የሚነዳው ተክሌ ነው። ተክሌ የማይቃወመው ነገር የለም፤ ዝናብ ቢዘንብም ሳይጠይቀኝ ነው ይላል።

"ከፍዬ ዓመቱን ሙሉ ሳልታመም ብቀርስ? ብሬ ሊመለስልኝ ነው?"

ከወንዶቹ ኋላ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ባለሱቋ አዚዛ ድምጿን ሳታነሳ "እድር ስንት ዓመት ከፈልክ?" አለችው።

"አሥራ አንድ።"

"ሞተህ ታውቃለህ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ተክሌም ራሱ ሳቀና ተቀመጠ። ከዚያ ክርክሩ ሞቀ። አንዱ ካርዱ ቢኖርም መድኃኒቱ የለም፣ "ከውጭ ግዙ" ነው የሚሉት አለ። ፌኔት አልካደችም፤ ያጋጥማል አለች፣ ትንሽ አቀርቅራ። ሌላው ደግሞ እኔ ከፍዬ የጎረቤቴን ሰካራም ጉበት ላሳክም ወይ አለ፤ ጎረቤቱም እዚያው ነበርና ለጥቂት ከመደባደብ ተረፉ።

በመጨረሻ ጋሽ አሻግሬ ኮታቸውን ቆለፉ።

በሽታ ሰው አይመርጥም አሉ። መንግሥት ያክማል ከተባለ፣ መኪና ያለውንም ከዘራ የያዘውንም በአንድ በር፣ በአንድ ሰልፍ ያክም። አስፋልት ሲነጠፍ የሚችልና የማይችል ተብሎ ነው ወይ? የመንገድ መብራት ሲበራ ድሃው በዚህ፣ ሀብታሙ በዚያ ይሂድ ይባላል ወይ? ሰው ራሱን መነቅነቅ ሲጀምር ድምፃቸው ጎላ አለ።

"አባት የሆነ ሰው ማዕድ ላይ ልጆቹን አንተ ምስኪን፣ አንተ ደህና ብሎ አይለይም። ሲያበላ ሁሉንም ነው፤ ሲያጣም ከሁሉም ጋር ነው። ደግሞስ ከዚህ ሰፈር ወጥቶ ስሙ 'ድሃ' ተብሎ እንዲነበብለት የሚሰለፍ ማን ነው? እኔ አላውቀውም።"

ተጨበጨበላቸው። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወልደሰንበት እንኳ አጨበጨቡ። አዚዛ ብቻ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች፣ "እሱማ ልክ ነው ጋሽ አሻግሬ። እንደዚያ እስኪሆን ድረስ ግን የታመመው ምን እያደረገ ይጠብቅ?" አለች። ጋሽ አሻግሬ ጭብጨባውን እየሰሙ ስለነበር ያልሰሟት መሰሉ። ሰምተዋታል ግን።

የሰሟት፣ የታመመው ያለው እሳቸው ቤት ስለሆነ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አሰጋሽ አንገታቸው ላይ እንቅርት ካበቀሉ ቆይተዋል። መጀመሪያ እንደ ሎሚ ነበረች፤ ማንም ግድ አልሰጣትም። በኋላ ወደ ውጭ ማደጓን ትታ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረች። እትዬ አሰጋሽ አትክልት የሚቸረችሩበትን ጉሊት ተዉ፤ ቅርጫት ሲሸከሙ ትንፋሽ ያጥራቸዋልና። ዳቦ በሻይ ካልራሰ አይወርድላቸውም። የሚተኙት ሦስት ትራስ ደርድረው፣ ቁጭ ብለው ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም የአየር ቧንቧውን እየገፋው ነው፣ ሆስፒታል ሄዶ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፣ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም ብሎ ነበር። ቀጥሎም የመድን ካርድ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። የላቸውም። በራሳቸው ያሳክሙ እንዳይባል፣ የጋሽ አሻግሬ ዓይን በብየዳ ብርሃን ተቃጥሎ ሥራ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ድሮ ያስተማሩት ልጅ ወርክሾፕ ሲጠራቸው ሄደው ብረት በብርጭቆ ወረቀት ያሻሉ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀለም ይቀባሉ። ካልጠራቸው ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ይቀመጣሉ። ልጃቸው እየሩሳሌም ቤይሩት ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ነው የምትኖረው፤ ትደውላለች። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትልክ ነበር፤ በኋላ ግን "እናቴ፣ እኔም ራሴን ልቻል" አለችና ቆመ።

እንግዲህ እትዬ አሰጋሽ ለባላቸው ሲጨበጨብ ቤት ሆነው ሰሙ፤ አዳራሹ ሩቅ አይደለም። በማግስቱ ፌኔት በደጅ ስታልፍ ጠሩና፣ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ዝቅ አድርገው ካሳዩ በኋላ፣ "እኛንም ጻፊን" አሏት። ለጋሽ አሻግሬ የነገሩት አርብ ማታ ነው።

"ነገ ኮሚቴ ይመጣል" አሉ።

"የት?"

"እኛ ቤት።"

ጋሽ አሻግሬ ይቆጣሉ ብለው ጠብቀው ነበር። አልተቆጡም። ባዶውን ክፍል ዙሪያውን አዩና፣ "ምን ላይ ሊቀመጡ ነው?" አሉ።

እዚህ ላይ ጋሽ አሻግሬን መረዳት ያስፈልጋል። ካርዱን ጠልተው አይደለም፤ የሚስታቸውን የሌሊት ትንፋሽ ሲቆጥሩ የሚያድሩት እሳቸው ናቸው። ግን በዕድሜያቸው ያዩት ቢሮ ሁሉ ለጎሰቆለ ሰው ሰጥቶ አያውቅም። የትምህርት ቤት መስኮት ሥራ ሊጠይቁ ሲሄዱ ሱፍ ለብሰው ነው የሄዱት፤ የቀበሌ ቤት ሲጠይቁ ጫማቸውን አስጠርገው ነው። ለሰው የሚሰጠው ሲከበር ነው ብለው ያምናሉ። ኮሚቴው ቤታቸው ገብቶ ደህና ሰው እንደሚኖርበት ካየ፣ "እነዚህ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ይታከሙ" ይላል። ባዶ ቤት ካየ ግን ንቆ ይሄዳል። ይህ ነበር ስሌታቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ተክሌ ቤት ሄደው ሶፋውን ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲያውሳቸው ለመኑት። ተክሌ ምንም አልጠየቀም። እሱና ሁለት ጎረምሶች ባለ ሦስት መቀመጫውን ሶፋ ተሸክመው፣ ሰው ሁሉ ሱቅና ወፍጮ ቤት በሚመላለስበት ሰዓት፣ መንደሩን አቋርጠው አመጡት። ሰርግ አለ ወይ ላሏቸው ጋሽ አሻግሬ ከኋላ እየተከተሉ እንግዳ አለብን ይላሉ። በሩ ጠቦ ሶፋው አልገባ ብሎ በጎኑ አዙረው አስገቡት። የሁለት ቀን የቀለም ሥራ ዋጋቸው ሄዶ ለስላሳና ብስኩት ሆነ። እትዬ አሰጋሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ፣ አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ከሻከረ ወዲህ ቃል ሲያወጡ ስለሚቆጥቡ ዘጉት።

አራት ሰዓት ላይ መጡ። አቶ ወልደሰንበት፣ ፌኔትና ከወረዳ የመጣ አንድ ፎርም የያዘ ባለሙያ። ጋሽ አሻግሬ ሱፋቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀበሏቸው። ሶፋው ላይ አስቀመጧቸው፤ ለስላሳው ተከፈተ። ባለሙያው በእጁ ሶፋውን ዳበስ ሲያደርግ ጋሽ አሻግሬ አዩና ደስ አላቸው።

ከዚያ ፎርሙ ተከፈተ። በቀን ስንት ጊዜ ትመገባላችሁ?

ጋሽ አሻግሬ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ በእንግዳ ፊት ተጠይቀው አያውቁም። ሰው ምን በላህ ተብሎ ይጠየቃል? "ሦስቴ ነዋ" አሉ። አፋቸው ቀጠለ፤ "መክሰስም አለ።"

ገቢስ? ሥራ አለኝ አሉ፤ ወርክሾፕ ነው የምሠራው። የሚረዳ ልጅ?

ብስኩቱን ወደ እንግዶቹ ጠጋ አደረጉ። አቶ ወልደሰንበት ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እሳቸው የአንዱን አባወራ ጓዳ በገዛ ቤቱ፣ ለስላሳውን እየጠጡ፣ "ይዋሻል" ሊሉ ነው? አይሆንም። ጋሽ አሻግሬም አቶ ወልደሰንበት ጣሪያ ማየታቸውን አዩ፤ እንዳወቁባቸው ገባቸው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ መመለሻው ጠፋ።

"ልጄ ቤይሩት ናት" አሉ። "ትልካለች።"

"በየወሩ?"

"በየወሩ።"

ፌኔት ብዕሯን አቁማ ወደ እትዬ አሰጋሽ ዞረች። "እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለቻቸው። እንደ ማዳን ነበር አጠያየቋ። እትዬ አሰጋሽ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠበቅ አደረጉ። ባላቸውን አላዩም፤ መሬቱን አዩና፣ በዚያች በሻከረች ድምፃቸው፣ "እሱ እንዳለው ነው" አሉ።

ባለሙያው ጻፈ።

እንግዶቹን እስከ አስፋልቱ ሸኝተው ሲመለሱ እትዬ አሰጋሽ ብርጭቆዎቹን እያነሱ ነበር። ጋሽ አሻግሬ ልሰደብ ነው ብለው ቆሙ። ስድብ ቢመጣ ቀለል ይላቸው ነበር።

"ሶፋውን ቶሎ መልስለት" አሉ እትዬ አሰጋሽ። "የተክሌ ልጆች መሬት ተቀምጠዋል።"

በሳምንቱ እሑድ ዝርዝሩ ተነበበ። ጋሽ አሻግሬ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ተስፋ ነበራቸው፤ ሰው ውሸታቸውን አውቆ፣ እነሱ ሳይናገሩ ይጽፋቸዋል የሚል። አቶ ወልደሰንበት መነጽራቸውን ሰክተው ስም እየጠሩ፣ "የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ" ይላሉ። ተክሌ አንዱን ልጅ ሚኒባስ አለው ብሎ ተቃወመ፤ ረዳት እንጂ ባለቤት አይደለም ተብሎ ጸደቀ። የአንዷን ዶሮዎች ብዛት አንስቶ ተቃወመ፤ ፈንግል ጨርሷቸዋል ተብሎ ጸደቀ። ሰው ሳቀ፤ ዝርዝሩም አለቀ። የእነ ጋሽ አሻግሬ ስም የለበትም።

አዚዛ ከበሩ አጠገብ ተነሳች። "የቀረ ቤት አለ" አለች። ስም አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም፤ ሰው ሁሉ ጋሽ አሻግሬን አየ።

አቶ ወልደሰንበት መነጽራቸውን አወለቁ። "ቤቱ ተጎብኝቷል። የተጻፈው ባለቤቱ የተናገሩት ነው። ጋሽ አሻግሬ እዚሁ ስላሉ፣ የሚታረም ካለ ራሳቸው ይናገሩ" አሉ፤ በትህትና ነው ያሉት፤ እንዲያውም መንገዱን እየጠረጉላቸው ነው።

ጋሽ አሻግሬ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግባቸው። ግን ከሁለት ሳምንት በፊት የቆሙበት ወለል ላይ ነው የቆሙት፤ ያጨበጨቡላቸው እጆች ሁሉ እዚያው ናቸው። "እግዚአብሔር ይስጥልን" አሉ። "እኛ አልቸገረንም።"

ተቀመጡ። አዚዛም ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያን ዕለት ማንም አላጨበጨበም።

ከሦስት ቀን በኋላ ነው እትዬ አሰጋሽ በቀትር የታነቁት። ፍትፍት ነበር፤ እሱም በውሃ የራሰ። አንዲት ጉርሻ እንቅርቱ ጋ ደርሳ ቆመች። ፊታቸው ጠቆረ፣ እጃቸው አየሩን ያዘ። ጋሽ አሻግሬ ጀርባቸውን እየደበደቡ ጮኹ። ግድግዳ የምትጋራቸው ዳሲቱ ሮጣ ገባችና ወደ ፊት አስጎንብሳቸው በሁለት እጇ ጀርባቸውን መታች፤ ጉርሻዋ ወጣች። ተክሌ በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ያው ሐኪም ነበር። ወረቀቱን አይቶ፣ "ይህ እስካሁን አልወጣም? ካርድ እንድታወጡ ብዬ አልነበረም?" አለ። እትዬ አሰጋሽ ከኦክስጅኑ ጭምብል በላይ ባላቸውን አዩ። ወቀሳ የለበትም አስተያየታቸው፤ መልሱን እንዲመልሱ ነው የሚጠብቁት፤ ቤተሰቡን ወክሎ የሚናገረው ባላቸው አይደሉ?

ጋሽ አሻግሬ ወለሉን አዩ።

ፌኔት ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። ምዝገባው አልተዘጋም፣ አምስት ቀን አለ፣ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል አለች። ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ጎረቤቶች ቤተሰቡ መክፈል እንደማይችል ይመሰክራሉ፤ ይፈርማሉ፤ አባወራውም ይፈርማል፤ ስሙ እድሩ ፊት እንደገና ይነበባል። "ጋሼ፣ ቅጹን ልስጥዎት?" አለች። እጃቸውን ዘረጉ። እስከዚያ ቀን ድረስ እጅ ዘርግቶ መቀበል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በንግግር ብቻ ነበር የሚያውቁት።

ምስክር ፍለጋ የጀመሩት ከተክሌ ነው። ባጃጁ ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ለእግሩ መናገር የተሻለ መሰላቸውና ጀመሩ። ዘመኑ ከበደ፣ ኑሮው እንዲህ ሆነ፣ ዓይኔም እንደምታውቀው፣ ደግሞም አንዳንድ ጊዜ ሰው ሳያስበው የሚናገረው...

"ጋሽ አሻግሬ" አለ ተክሌ ከሥር። "የት ጋ ነው የምፈርመው?"

"ገና ምን እንደሆነ አልነገርኩህም።"

"ሶፋውን ሲወስዱ ነግረውኛል እኮ።" በጎኑ ተንሸራቶ ወጣ፣ ቅባት የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ፈረመ። "እንግዳ ይመጣል ብለው ሶፋ የሚዋሱ፣ ምርመራ ሲመጣ ደግሞ ሶፋ የሚደብቁ አሉ። እርስዎ ሁለቱ ተምታቱብዎት" አለ፤ ሊያስቃቸው ነበር፤ እሳቸውም ሊስቁ ሞከሩ።

ዳሲቱ ልጇን እያጠበች ስለነበር በእርጥብ እጇ ፈረመች፤ ወረቀቱ ላይ ጠብታ ቀረ። በግድግዳው በኩል ሳላቸውንም ባዶ ድስታቸውንም ስትሰማ ኖራለች፤ ግን አላለችም። ባይሆን "እትዬ ዛሬ በልተዋል?" ብላ ጠየቀች፣ ጥያቄው ከወረዳው ፎርም ጥያቄ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ እንዴት እንዳልከበዳቸው ጋሽ አሻግሬን ገረማቸው።

አዚዛን ወደ መጨረሻ አደረጓት። ሱቋ ውስጥ ሰው እስኪወጣ ድረስ የክብሪት ሣጥን እያገላበጡ ቆዩ። አዚዛ ቅጹን ተቀብላ ስታነብ፣ ማንበቧ ረዘመባቸው። ከስሟ ጎን የምትሞላ አንዲት መስመር አለች፤ ቤተሰቡን በዚህ ሁኔታ ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል ትላለች። ተክሌና ዳሲቱ ዘለዋታል።

"እዚህ ላይ ስንት ዓመት ልበል?" አለች አዚዛ።

"እኔ እንጃ። አንድ በይ።"

አዚዛ ብዕሩን ይዛ ቆየች። "ጋሽ አሻግሬ፣ ውሸት ላይ መፈረም አልችልም፤ ወላሂ" አለችና "ሦስት" ብላ ጻፈች።

ጋሽ አሻግሬ ቁጥሩን አዩት። ሦስት ዓመት። በር ላይ ኮት ለብሰው የተቀመጡባቸው ሦስት ዓመታት፤ እንግዳ ሲመጣ አሁን በላን ያሉባቸው፤ ሰው ቡና ሲጠራቸው ጨጓራዬን ነው ያሉባቸው። ሲደብቁ የኖሩት ነገር ሰፈሩ ሁሉ ደብቆ ሲይዝላቸው የኖረ ነው። እትዬ አሰጋሽ ምስር ሲገዙ ከሱቁ የሚመጣው ሁልጊዜ ከከፈሉት በላይ ተርፎ የሚፈስ ነበር፤ እሳቸው ግን ሚስቴ መቆጠብ ታውቃለች ሲሉ ኖረዋል። ጆሯቸው ጋለ። አዚዛ ዓይኗን ወደ ሚዛኑ መለሰች፤ የሚያፍር ሰው አይታይም፤ ይህን ታውቃለች።

"ያን ቀን የተናገሩት ልክ ነው" አለች ሚዛኑን እየጠረገች። "ለሁሉም መሆን ነበረበት። ለሁሉም ቢሆን ኖሮ ይህን ወረቀት ይዘው እኔ ጋ አይመጡም ነበር። ግን ስላልሆነ ነው የመጡት፤ ደግ አደረጉ።"

ቀጣዩ እሑድ እትዬ አሰጋሽም መጡ። ዳሲቱ ደግፋቸው ከአዚዛ ጎን ተቀመጡ፤ ከበሩ አጠገብ፣ አየር የሚገባበት። ጋሽ አሻግሬ ከወንዶቹ መሐል ተቀመጡ። ቅሬታ ያቀረበው አንድ ቤት ብቻ ስለነበር አቶ ወልደሰንበት ወረቀቱን ብዙ አላንዛዙትም። ስማቸውን ከነአባታቸው አነበቡ። የቤተሰብ ብዛት ሁለት። የመክፈል አቅም የሌላቸው። ከዚያም እንደ ደንቡ ቀና ብለው፣ "የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ" አሉ።

ጋሽ አሻግሬ ጠበቁ።

በልባቸው የሆነውን ነገር በኋላ ለማንም አልተናገሩም። አንድ ሰው እንዲቃወም ፈለጉ። አንድ ብቻ። ተነስቶ፣ "እንዴት፣ ጋሽ አሻግሬማ ድሃ አይደሉም፤ በሬን የበየዱልኝ እሳቸው ናቸው፣ ምን ነካችሁ?" የሚል። ተክሌን በዓይናቸው ፈለጉት፤ ዶሮ ቆጥሮ የሚቃወመው ተክሌ ጥፍሩን ያያል። በሰካራም ጉበት የተከራከሩትን ሁለቱን አዩ፤ አንድ ላይ አቀርቅረዋል። መድኃኒት የለም ያለውን አዩ። ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ አንድ እጅ አልወጣም። አንድ ሰው ሳለ፤ እሱም አፉን ሸፍኖ።

ይህን መፈለጋቸውን ራሳቸው ታዘቡ። አንዲት እጅ ብትወጣ የሚስታቸው አንገት ሌላ ዓመት ይጠብቅ ነበር። ያን እያወቁ እጅ ይፈልጋሉ። ከበሩ በኩል የእትዬ አሰጋሽ ትንፋሽ፣ እንደ አሮጌ ወናፍ እየተሳበ፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ እስከ ፊት ይሰማል። ከድህነቱ ይልቅ ይህ ነው ያሳፈራቸው።

"ጸድቋል" አሉ አቶ ወልደሰንበት።

ያን ጊዜ ጋሽ አሻግሬ እጃቸውን አወጡ።

አቶ ወልደሰንበት ግራ ገባቸው። "ጋሽ አሻግሬ፣ ራስዎን ሊቃወሙ ነው እንዴ?" አሉ። ሰው ሳቀ፤ ጥሩ ሳቅ ነበር፤ ሁሉንም ከዚያ ጸጥታ ያወጣ።

ጋሽ አሻግሬ ተነሱ። ኮታቸውን መቆለፍ ረሱ፤ ክቡራን ማለትም ረሱ።

"ባለፈው እዚህ ቆሜ አልቸገረንም ያልኩት ውሸት ነው" አሉ። "ለኮሚቴውም ዋሽቻለሁ። ሦስቴ አንበላም። ልጄም አትልክም፤ ከተወች ሦስት ዓመቷ ነው። አሰጋሽ እኔን ላለማዋረድ ብላ ዝም አለች፤ በእኔ ምክንያት ልትሞት ነበር። ይኸው ነው።"

አጭር ንግግር ነበር፤ በሕይወታቸው ካደረጉት ሁሉ አጭሩ። ሰው ምን እንደሚያደርግ አልገባውም። ማጨብጨብ ነውር መሰለ። አቶ ወልደሰንበት ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ ድንኳኑ መቀደድ አለፉ።

ፌኔት ወረቀቱን ሰኞ በጠዋት ወረዳ እንደምታደርስ፣ ካርዱ እንደወጣም ሐኪሙ ለሆስፒታሉ እንደሚጽፍላቸው ነገረቻቸውና ባልና ሚስት ወደ ቤት አዘገሙ። እትዬ አሰጋሽ በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ፤ ጋሽ አሻግሬም ይቆማሉ። ሰላም የሚል ሰው ሲያልፍ ጋሽ አሻግሬ ባርኔጣቸውን ይነካሉ፤ ሰላምታው ግን እንደ ወትሮው ነው ወይስ ለስለስ ብሏል እያሉ ይመዝኑታል። ቀለል ያላቸው መስሏቸው ነበር። ጥፋታቸውን አምነዋል፤ እውነቱን ተናግረዋል፤ ከእንግዲህ የሚደበቅ የለም። እትዬ አሰጋሽም አንድ መልካም ቃል ይሏቸው ይሆናል ብለው ጠበቁ።

እትዬ አሰጋሽ የአዚዛ ሱቅ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና፣ "ልጅቱን ለምን አነሳሃት?" አሉ።

"እውነቱን ልናገር ብዬ..."

"የራስህን እውነት ተናገር። እሷ ምን አደረገች? ሰው ቤት ወለል እየጠረገች፣ ልኬ አልበቃ አለኝ ብላ ስትደውል ስታለቅስ አልሰማሃትም? ነገ ሰፈሩ የእናቷን ማሳከሚያ ያልላከች ይላታል። ስትመጣ በየት በኩል ትገባለች?"

እውነት ነው፤ ልጅቱ በአዳራሹ አልነበረችም፤ ማንም የምትቃወም እንደሆነ አልጠየቃትም። ጋሽ አሻግሬ በሚስታቸው ፊት፣ በመንገዱ መሐል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ። እትዬ አሰጋሽ ብዙ ተናግረው ስለነበር ደክሟቸው አንድ እጃቸውን ክንዳቸው ላይ ጣሉ።

"በል እንሂድ" አሉ። "ነገ ስትደውል ካርድ አወጣን በላት። ሌላውን ተወው።"